የአጥር ፈቃድና የጎረቤት ሐቅ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አጥር ነው። «ስለ አጥር ደግሞ ምን ይጻፋል? ጉዳዩ የወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ እንዲሁ ነበር የማስበው። አጥር ማለት ካርታ፣ ማመልከቻ፣ ክፍያና ማኅተም ነበር። ፈቃዱ እጄ ከገባ በኋላ የቀረው የእኔና የግንበኛው ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሁንና አንድ አጥር ከሠራሁ ወዲህ፣ ሙስሊም ሁሉ በተለይም በከተማ የሚኖር ሙስሊም ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ እንዳለ ተረዳሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሕግ የፈቀደልኝን በገዛ ይዞታዬ ላይ ስሠራ ጎረቤቴ ቢጎዳ፣ ፈቃዱ ከሐቁ ነፃ ያወጣኛልን?

በመጀመሪያ የሆነውን ልናገር። የግቢያችን አጥር ከአባቴ ዘመን የቆየ ቆርቆሮ ነበር። አጠናው በስብሶ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በአካባቢያችን ፎቅ እየበዛ፣ የማናውቀው ተከራይ እየተመላለሰ በመምጣቱ ባለቤቴና ልጆቼ በገዛ ግቢያቸው ልብስ ለማስጣት እንኳ የሚሸማቀቁበት ጊዜ መጣ። ስለሆነም በብሎኬት ለማጠር ወሰንኩ። ካርታዬን ይዤ አመለከትኩ፣ የተጠየቅሁትን ከፈልኩ፣ ባለሙያ መጥቶ ወሰኑን ለካ፣ ፈቃዱም ተሰጠኝ። ሁለት ሜትር ከግማሽ ያህል አጠርኩ። ከተፈቀደልኝ ቁመት አንዲት ጣት አላለፍኩም፤ ከወሰኔም ስንዝር አልወጣሁም። ግንቡ ሲያልቅ አልሐምዱሊላህ ብዬ እፎይ አልኩ።

በምሥራቅ በኩል የሚያዋስኑን አንዲት ባልቴት ናቸው። እስልምናን አልተቀበሉም፤ ነገር ግን በረመዳን የእኛን ሾርባ እየቀመሱ፣ በፋሲካ ዳቦ እየላኩልን የኖሩ፣ እናቴን በሞት አልጋዋ ላይ ያስታመሙ ጎረቤታችን ናቸው። ግንቡ ባለቀ ጊዜ «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፣ ጠንካራ አጥር ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ከሁለት ወር በኋላ ታመው ተኝተዋል ሲባል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጊዜው ከዙህር በኋላ፣ ፀሐይ ያለበት ነበር። በክፍላቸው ውስጥ ግን አምፖል በርቷል። ከመቀመጤ መብራት ጠፋ። የልጅ ልጃቸው መድኃኒቱን አምጥቶ «በቀን ስንቴ ነው የሚለው? አንብብልኝ» አለኝ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ፊደሉ አልታይ አለኝ። ቀና ብዬ ስመለከት መስኮቱን የሞላው የእኔ ግንብ ነው። ልጁ በየዋህነት «አጥሩ ከተሠራ ወዲህ ቀንም እናበራለን» አለ። እሳቸው በዓይናቸው ተቆጡት፤ ልጁም ዝም አለ። መድኃኒቱን ደጅ ወጥቼ አነበብኩ።

ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰፈራችን ተዳፋት ነው። የእሳቸው ግቢ ከእኔ ግቢ በአንድ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በእኔ በኩል ሁለት ሜትር ከግማሽ የሆነው ግንብ በእሳቸው በኩል ሦስት ሜትር ከግማሽ ሆኗል። ያም ክፍል ያለው መስኮት ያ አንድ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሰጠው ባለሙያ አልዋሸም፤ እኔም አላጭበረበርኩም። ነገር ግን ሜትሩ የተዘረጋው በእኔ ግቢ ነበር። ከዚያኛው ወገን ማንም አልለካም፤ እኔም ለማየት አልሄድኩም።

በዚያ ሌሊት ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። የመጀመሪያው መልሴ «ፈቃድ አለኝ» የሚል ነበር። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንመርምር።

የመንግሥት የአጥር ደንብ የሚናቅ ነገር አይደለም። ከተማ ያለ ልክ ከተማ አይሆንም። አንዱ ወደ መንገድ ገፍቶ ሲያጥር፣ ሌላው የጎርፍ መውረጃ ሲዘጋ፣ ሦስተኛው ማዞሪያ ላይ ግንብ አቁሞ መኪና ነጂው የሚሻገረውን ሕፃን እንዳያይ ሲያደርግ ዝም ከተባለ ጉዳቱ የሁሉ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ደንብ፣ ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚሠራ የመኖሪያ ቤት አጥር ከ1 ሜትር፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከ2 ሜትር ካልበለጠ በአብዛኛው ከአካባቢው ምክር ቤት የተለየ ፈቃድ ሳያስፈልገው ይሠራል። በመንገድ በኩል ዝቅ፣ በጓሮ በኩል ከፍ ይላል ማለት ነው። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ የሰውን ደኅንነትና በዙሪያው ያለውን ንብረት አደጋ ላይ እንዳይጥል አዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ባለይዞታ ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረትንም በስም ይጠቅሳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ደግሞ በታላላቅ መንገዶች ዳር የነበሩ ብዙ አጥሮች ሲፈርሱና ወደ ውስጥ ገብተው ሲሠሩ አይተናል።

ሸሪዓችንም ልክን አይጠላም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በመንገድ ስፋት ላይ ቢከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲደረግ መወሰናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለ ወሰንም ያለው ማስጠንቀቂያ ከባድ ነው። የሰው መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠምበት ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ሰምተው አስተላልፈዋል። እኚህ ሶሐባ ራሳቸው አንዲት ሴት «መሬቴን ወሰደብኝ» ብላ በከሰሰቻቸው ጊዜ፣ ይህን ሐዲስ የሰማ ሰው እንዴት ይህን ያደርጋል ብለው የጠየቀችውን ትተውላታል። ስለዚህ ማታ ማታ ችካል የሚነቅል፣ አጥር ባደሰ ቁጥር አንድ ጫማ የሚገፋ ሰው በመሐንዲስ ዓይን ቢያመልጥም አላህ ዘንድ አያመልጥም።

ይሁን እንጂ ደንብ የሚያየው ቁመትን፣ ወሰንንና መንገድን ነው። የባልቴቷን መስኮት አያይም። ደንቡን የሚያወጣው ክፍል ለአንድ ከተማ ሁሉ የሚሆን አንድ ልክ ማውጣት አለበትና የእያንዳንዱን ተዳፋት፣ የእያንዳንዱን መስኮት ሊያውቅ አይችልም። ጉድለቱ የክፋት አይደለም፤ የደንብ ተፈጥሮ ነው። ይህን ጉድለት መሙላት የሚችለው እዚያው ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱም ባለ አጥሩ ነው።

የቀደሙት ዑለማኦቻችን ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። በመጀመሪያ ያነሡት «ስንት ክንድ ይሁን?» የሚለውን ሳይሆን «ማንን ይጎዳል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። መሠረታቸውም መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ የሚያስተምረው፣ ኢማሙ ማሊክ በሙወጧእ፣ ኢብን ማጃህም በሱነናቸው ያሰፈሩት ሐዲስ ነው። በዚህ መሠረት ላይ በአንዳሉስ የቱዴላው ሊቅ ዒሳ ኢብን ሙሳ፣ እ.ኤ.አ. በ996 ከመሞታቸው በፊት፣ ስለ ግድግዳ ብቻ አንድ ኪታብ አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1334 የሞቱት የቱኒሱ ኢብኑር ራሚ ደግሞ ሙያቸው ግንበኝነት ነበር። ቃዲው ጎረቤቶች በግድግዳ፣ በመስኮትና በውሃ መውረጃ ሲካሰሱ ሄደው እንዲያዩለት ይልካቸው ነበር፤ ያዩትንና የተፈረደውን በመጽሐፍ አኖሩልን። የአጥር ጉዳይ ለእነዚህ ሰዎች ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን የሆነው ነው። ኻሪጃ ኢብን ሑዛፋ በግብፅ ፉስጣጥ ከተማ ከፍ ያለ ሰገነት ሠሩ። ጎረቤቶች «ግቢያችንን ያያል» ብለው ሰጉ፤ ነገሩም መዲና ደረሰ። በማሊኪያ ዑለማእ ኪታቦች እንደሚነገረው፣ ኸሊፋው ለአገረ ገዢው ለዐምር ኢብኑል ዓስ የጻፉት ስለ ክንድ ልክ አልነበረም። በሰገነቱ ውስጥ አልጋ ይቀመጥ፤ ቁመቱ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው አልጋው ላይ ይቁም፤ ከዚያ ሆኖ የጎረቤቱን ግቢ ካየ ሥራው ይከልከል፤ ካላየ ይተው አሉ። ልብ በሉ! ይህን ለማወቅ ሰው እዚያው መውጣት፣ መቆምና ማየት ነበረበት።

ኋላም የዑስማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት በሐነፊያ ፊቅህ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው «መጀላ» የተባለው የሕግ መጽሐፍ ነገሩን በዝርዝር አስቀመጠው። ሰው በገዛ ግድግዳው ላይ የፈለገውን ያህል ከፍ አድርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ጎረቤቱ ሊከለክለው የሚችለው ከመጠን ያለፈ ጉዳት ሲደርስበት ብቻ ነው ይላል። ከመጠን ያለፈ ጉዳት ምንድን ነው? ቤቱን የሚያዳክም ወይም ቤቱ ለተሠራበት ለዋናው ጥቅም እንዳይውል የሚያደርግ ነው። ጥሩ እይታ ማጣት፣ ነፋስ መቀነስ፣ የፀሐይ ጨረር መከልከል ከዚህ አይቆጠርም። አንድ መስኮት ያለው ክፍል ከአዲስ ግንባታ የተነሣ ጽሑፍ እስከማይነበብበት ድረስ ቢጨልም ግን ከመጠን ያለፈ ጉዳት ነው። በበሩ በኩል ብርሃን ያግኝ ማለትም አይቻልም፤ በር ለብርድና ለሌላም ምክንያት መዘጋት አለበትና። ክፍሉ ሁለት መስኮት ኖሮት አንዱ ቢጋረድ ግን አቤቱታ የለውም።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያ የመድኃኒት ብልቃጥ ትዝ አለኝ። አንድ መስኮት ያለው ክፍል፣ የማይነበብ ጽሑፍ! ነገሩ ስለ እኔ አጥር የተጻፈ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት ያላቸው ናቸው።

የመጀመሪያው «ታዲያ ጎረቤት በንብረቴ ላይ አዛዥ ሊሆን ነው ወይ? ሰትርስ የቤተሰቤ ሐቅ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። አዎን፣ ሐቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር ወደ ሰው ቤት ያለ ፈቃድ መግባትን ከልክሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ ልጆቼን ከእንግዳ ዓይን የመጋረድ መብቴ ከባልቴቷ ብርሃን የማግኘት መብት አያንስም። መጀላውም ይህን ያውቃል። የሴቶች መዋያ የሆነ ስፍራ፣ ማድ ቤትም ሆነ የጉድጓድ አፍ ወይም ግቢ፣ ከጎረቤት በኩል መታየቱን ከመጠን ካለፈ ጉዳት ይቆጥረዋል። ነገር ግን መድኃኒቱን በልክ ያዛል። ከጭራሮ የተሠራ አጥር ክፍተት ኖሮት ሴቶች ቢታዩበት፣ ባለ አጥሩ ክፍተቱን እንዲደፍን ይታዘዛል እንጂ አጥሩን አፍርሶ ግንብ እንዲገነባ አይገደድም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዓይንን ለመከልከል የሚበቃው ይሠራ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ሰው የሚጎዳበት ከሆነ ግን «ሰትር» የሚለውን ቃል ምክንያት ማድረግ አይገባም። የእኔ ግንብ ከሰው ቁመት በላይ ያለው ክፍል ልጆቼን ከማንም አልጋረደም። የጋረደው ብርሃን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ያቀረበልኝ አንድ ወዳጄ ነው። «ሴትዮዋ አቤት አላሉም። መርቀውሃል እንኳ። ባለ ሐቁ ዝም ካለ አንተን ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። በፍርድ ቤት ይህ ልክ ይሆናል፤ ከሳሽ በሌለበት ዳኛ አይፈርድምና። ነገር ግን ዝምታ ሁሉ ፈቃድ አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቁባት፣ ሌሊት ብትታመም የምትጠራው የእኛን ቤት የሆነ አሮጊት በየትኛው አንደበቷ «አጥርህን ዝቅ አድርግ» ትላለች? ይሉኝታ ይይዛታል፤ ጉርብትናውም እንዳይበላሽ ትፈራለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እያለች አፏን ትዘጋለች። ደካማው ዝም ያለው ስለወደደ ነው ብለን ስንተረጉም ለራሳችን እንዲመች አድርገን እንተረጉማለን። አቤት የሚል ጎረቤት ቀሎናል፤ ቢያንስ በዱንያ ሳለን ሐቁን ይነግረናል። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

«እስላም አይደሉም» የሚለውንም እንዳላለፍ። በሱረቱ አን-ኒሳእ የቅርቡም የሩቁም ጎረቤት መልካም እንዲዋልለት ታዟል። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ አስቀድመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠቱን እንደ ነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የጉርብትና ሐቅ በሃይማኖት አይሰረዝም።

እንዲያውም ሸሪዓችን አለመጉዳትን ብቻ አይደለም የሚጠይቀን። ጎረቤት በግድግዳው ላይ ጎረቤቱ እንጨት እንዳያሳርፍ መከልከል እንደሌለበት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተላልፈዋል፤ ሰዎችም ፊታቸውን ሲያዞሩ በቁጣ ገሥጸዋቸዋል። ኢማሙ አሕመድ ይህን ግዴታ ነው ሲሉ፣ ኢማሙ አቡ ሐኒፋና ኢማሙ ማሊክ የተወደደ ነው ብለዋል። ዶሓክ ኢብን ኸሊፋ ውሃ በሙሐመድ ኢብን መስለማ መሬት ሊያሳልፉ ፈልገው በተከለከሉ ጊዜም፣ ውሃው ለባለ መሬቱ የሚጠቅም እንጂ የማይጎዳ ነበርና፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በሆድህም ላይ ቢሆን ያልፋል ብለው እንደ ፈረዱ በሙወጧእ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ የሚነግረን ግድግዳዬ የእኔ ቢሆንም ሁለት ፊት እንዳለው ነው። አንዱን ፊት የማየው እኔ ነኝ። ሌላውን ፊት ዕድሜ ልኩን የሚያየው ጎረቤቴ ነው።

በመጨረሻ ያደረግሁት ትልቅ ነገር አይደለም። ግንበኛውን መልሼ ጠራሁት። በባልቴቷ መስኮት ትይዩ ባለው ርዝመት ላይኞቹን ሦስት ረድፎች አስነሥቼ በቦታቸው ብርሃንና አየር የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት አስገባሁ። ቀዳዳው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የእኛም ግቢ አይታይም። በእሳቸው በኩል ያለውን ፊት ደግሞ ብርሃን እንዲመልስ ኖራ አስቀባሁት። ወጪው ለአንድ ወር አስቸግሮኛል፤ ባለቤቴም «ገና ሳይጀመር ብትጠይቃቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልወጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክፍሉ እንደ ድሮው አልበራም። መድኃኒት ግን በመስኮቱ ብርሃን ይነበባል። እሳቸው «ምነው ልጄ በእኔ ምክንያት ያማረ ግንብህን አፈረስክ?» አሉኝ። እኔም አፍሬ መልስ አልሰጠሁም።

ስለዚህ አጥር ልታጥሩ ለተነሣችሁ ወንድሞችና እህቶች የምለው አለኝ። ወደ ወረዳው ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ጎረቤታችሁ ሂዱ። ደጁ ቆማችሁ «ላጥር ነው» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ግቡና ተቀመጡ። የሚታጠረውን ወገን ከእሱ መስኮት ተመልከቱ። መሬቱ ተዳፋት እንደ ሆነ ቁመቱን ከእሱ ግቢ ለኩ። የዝናብ ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ጠይቁ። ወሰኑ ላይ ገመድ ሲዘረጋ እሱም ይኑር። ጠርሙስ ሰባብራችሁ በግንቡ አናት ላይ ከመትከላችሁ በፊት በዚያ በኩል የሚጫወተው የማን ልጅ እንደ ሆነ አስቡ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የአገልግሎት ክፍያም የለውም። ደንብ ለሚያወጡ ክፍሎችም አንድ አሳብ አለኝ። የአጥር ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተዋሳኙ ጎረቤት እንዲጠየቅ፣ ቁመትም ከዝቅተኛው መሬት በኩል ጭምር እንዲለካ ቢደረግ፣ አቤት ማለት የማይችሉት ሰዎች ሳይናገሩ ይደመጣሉ።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ፈቃድ ከሐቅ ነፃ አያወጣም። ፈቃድ ማለት መንግሥት አይከለክልህም ማለት ነው። ከጎረቤትህ ጋር ያለው ሒሳብ ግን ገና አልተዘጋም። ያንን መዝገብ የሚዘጋው ጎረቤቱ ነው፤ ካልዘጋውም በአኺራ ይከፈታል። አላህ የምናየውን የግንባችንን ፊት ብቻ ሳይሆን የማናየውንም የምናስተውል ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።